ስለ ሻይ ማንኪያ፤ ከጊዮርጊስ እስከ ፒያሳ

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አዋቂ ይባላል። የጥንት ገንዘብ የሚሰበስብ የታሪክ ወዳጅ ይባላል። መጽሐፍ የሚሰበስብም፣ ባያነበው እንኳ፣ ሊቅ ይባላል። የሻይ ማንኪያ የሚሰበስብ ሰው ግን ምን ተብሎ እንደሚጠራ እስከ ዛሬ የወሰነ የለም። ጎረቤት ያየው እንደ ሆነ «ይህን ልጅ ምን ነካው?» ይላል፤ ዘመድ ቤት ለጥየቃ የሄደ እንደ ሆነም የቤቱ እመቤት ከሸኘችው በኋላ ዕቃዋን ትቈጥራለች። ይህ ትልቅ በደል ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የማንኪያ ዕውቀት ከሌሎቹ ዕውቀቶች የማያንስ መሆኑን ለማስረዳት እነሆ ብዕሬን አነሣሁ።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ደመወዙ ከወር እስከ ወር ለማያደርሰው ወጣት ሠራተኛና የኪስ ገንዘቡ ከአውቶቡስ ለማያልፍ ተማሪ ይህን ያህል የሚስማማ ሞያ አይገኝም። ሥዕል የሚሰበስብ ሰው ግድግዳ ያስፈልገዋል፤ መኪና የሚሰበስብ ግቢ ያስፈልገዋል። አርባ የሻይ ማንኪያ ግን ባንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ያድራል፤ ቤት ሲቀየርም በብብት ይያዛል። ሁለተኛም ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ትምህርት ቤቱ አራዳ ነው። ብልጥና ከተሜ የሆነውን ሰው «አራዳ» የምንለው በዚህ ሰፈር ስም መሆኑን ያስታውሱ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ጣልያኑና ከየክፍለ አገሩ የመጣው የእኛው ሰው ተገናኝቶ የተገበያየበት፣ ቡና የጠጣበትና የተከራከረበት ቦታ ነውና፣ ማንኪያውም እንደ ሰዉ ልዩ ልዩ ነው። እንግዲህ ጫማዎን ያስጠርጉና ይከተሉኝ።

ጉዞአችንን ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ሥር እንጀምራለን። ይህ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ከቦታው ተነሣ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ጀርባው ላይ የአራዳ ጊዮርጊስ አለ። «ቤተ ክርስቲያንና የሻይ ማንኪያ ምን አገናኛቸው?» ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ማንኪያን ከፈረንጅ ጋር በባቡር የመጣ ዕቃ አድርጎ ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴ ጊዜ ክቡር ደሙን ለምእመናን የምታቀብልበት «ዕርፈ መስቀል» የሚባል ማንኪያ ከባቡሩ እጅግ አስቀድሞ የነበራት ናት። ስሙም እንደሚያመለክተው የመስቀል ምልክት ያለበት ነው። ሰብሳቢ ከዚህ ማንኪያ ፊት ሲደርስ እጁን በኪሱ ሳይሆን በደረቱ ላይ አድርጎ ይሳለማል፤ የሞያችን የመጀመሪያው ትምህርትም ይኸው ነው፤ የሚሰበሰብ ዕቃ አለ፤ የማይሰበሰብም አለ።

ከቤተ ክርስቲያንም ውጭ ቢሆን ባላገሩ ያለ ማንኪያ አልኖረም። እንጀራ በእጅ ይበላል፤ ጉርሻም በማንኪያ ቢሰጥ ፍቅሩ ይቀዘቅዛል። ገንፎ ግን ትኩስ ነውና ጣት ይፈጃል፤ ስለዚህ የእንጨትና የቀንድ ማንኪያ ተሠራ። የቀንድ ማንኪያ ዛሬም በክትፎ ቤት ይቀርባል። ቀንድ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ እንደ ተፈለገ ይታጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ በታጠፈበት ይጸናል። ከንፈር አያቃጥልም፤ የብረትም ጣዕም የለውም። ከስብስብዎ ውስጥ የመጀመሪያው ማንኪያ ከቀንድ የተሠራ ይሁን። ሻይ ባይማሰልበትም የዘሩ አባት ነውና ክብር ይገባዋል።

ከጊዮርጊስ ቍልቍል ስንወርድ ቀድሞ ትልቁ የአራዳ ገበያ የነበረበትን አካባቢ እናልፋለን። ጣልያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የምንለውን አቆሙ፤ ለአራዳም «ፒያሳ» የሚለውን ስም አስቀሩለት፤ ትርጉሙ አደባባይ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ በኩል በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይታያል። እኛ ግን ወደ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል እናቅና።

ይህ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተ የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል መሆኑ የታወቀ ነው። ለማንኪያ ታሪክ ያለው ክብር ይህ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው በእንግድነት ይበላ ነበር እንጂ ገንዘብ ከፍሎ በማያውቀው ቤት፣ በማያውቀው ሰው ማንኪያ መብላት ልማድ አልነበረም። መብልን መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበር፣ ንጉሡ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በመመገብና ሒሳብ በመክፈል አርአያ ሆኑ ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ ያስቡት፤ የቤት ማንኪያ የባለቤቱ ነው፤ የሆቴል ማንኪያ ግን የሁሉም ነው። ትናንት የማን አፍ ውስጥ እንደ ነበረ አይታወቅም፤ ነገም ወደ ማን እንደሚሄድ አይታወቅም። ባልተዋወቁ ሰዎች መካከል መተማመንን የሚጠይቅ ዕቃ ነው። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ብዙ ክፍሉ ተጎድቶ ነበር፤ ነገር ግን ተጠግኖ እንደገና ቆመ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሞያው እምብርት፣ ወደ ቡና ቤቶችና ኬክ ቤቶች እንገባለን። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ቃላት ማወቅ አለበት። ማንኪያ ሦስት ክፍል አለው፤ ራስ፣ አንገትና እጀታ። የሻይ ማንኪያ ርዝመቱ ከ13 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የቡናው ከዚህ ያጥራል፤ ከ10 እስከ 12 ይሆናል። አዋቂ ማንኪያን በአራት ነገር ይመረምራል።

አንደኛ፣ በሚዛን። ማንኪያውን አንገቱ ላይ በጣትዎ ያስተኙት። ወደ ራሱ እጅግ ካዘነበለ ሰነፍ ማንኪያ ነው፤ ከብርጭቆ ውስጥ ተንሸራቶ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ በድምፅ። የሻይ ብርጭቆ ሲማሰል ጥሩ ማንኪያ እንደ ቃጭል ይጠራል፤ አሉሚንየም ግን እንደ ተኮረፈ ሰው ያጕረመርማል። ሦስተኛ፣ በአረፋ። የማኪያቶ አረፋ ሳይፈርስ የሚያነሣ ማንኪያ ራሱ ሰፊና ጠርዙ ስስ ነው። ለዚህ ፈተና ከፒያሳ የሚሻል የፈተና አዳራሽ የለም። በዋቬል መንገድ ላይ ያለው ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተ ቤት ነው፤ ደንበኛውም እንደ ጣልያን ልማድ ቆሞ ይጠጣል። የቆመ ሰው ማንኪያ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሚቸግረው ቶሎ አማስሎ ቶሎ ይመልሳል፤ የተቀመጠ ሰው ግን ወሬውን እስኪጨርስ ማንኪያውን እንደ ዳኛ መዶሻ ያወዛውዘዋል። አራተኛ፣ በጠባሳ። በቀኝ እጅ የሚያማስል ሕዝብ ማንኪያውን ባንድ ወገን ይበላዋል። ብዙ ዘመን የሠራ ማንኪያ የራሱ ግራ ጎን ተፍቆ ያዘነብላል፤ ይህን ያገኘ ሰብሳቢ ደስታው ወደር የለውም።

ስኳሩንም አንርሳ። በብዙ የገጠር ቤት ቡና በጨው ሲጠጣ ኖሯል፤ ዛሬም የሚጠጣበት አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሆላንዱ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ ስኳር ከባለጸጋ ቤት ወጥቶ ወደ ሻይ ቤት ወረደ። ስኳር ካለ ማማሰል አለ፤ ማማሰል ካለም ማንኪያ አለ። ከዚያ ወዲህ «ስንት ማንኪያ ላድርግልዎ?» የሚለው ጥያቄ የአክብሮታችን አንዱ ክፍል ሆነ።

ከቡና ቤቱ ወጥተን ወደ ወርቅና ብር ሠሪዎች መደብር እንሻገር፤ የብረቱን ዓይነት የምንማረው ከዚህ ነው። አንጥረኛው አባት የጠየቃቸውን ሁሉ በትዕግሥት የሚመልሱ ናቸው። አንዱን ጥቁር ማንኪያዬን አገላብጠው አዩና፣

«ልጄ፣ ይህ ብር አይደለም፤ ብር የለበሰ ነው» አሉኝ።

«በምን ዐወቁት፣ አባባ?»

«ጫፉን እየው። ካባው ተቀዶ ቢጫ ገላው ታየ።»

ፈረንጅ እንዲህ ያለውን «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» ብሎ ይጽፍበታል፤ በኤሌክትሪክ ኀይል ብር የተቀባ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ማለት ነው። የእንግሊዝ ንጹሕ ብር በሺህ 925 እጅ ብር አለበት፤ በጣልያን ማንኪያ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ 800 የሚል ቍጥር ይገኛል። አያቶቻችን መስቀልና ሐብል ለማሠራት ያቀልጡት የነበረው 1780 የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር በሺህ 833 ያህል ነው፤ ሚዛኑም 28 ግራም ይመዝናል። ቍጥር የሌለበትን በሻይ ይፈትኑት፤ እውነተኛ ብር ሙቀት ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ እጀታው ወዲያው ይሞቃል። በእንቍላል ቢበሉበትም ይጠቍራል።

አብዛኛው ማንኪያችን ግን የማይዝግ ብረት ነው። ይህን ብረት እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ የተባለ ሰው አስተዋወቀው። ከጀርባው «18/10» ተጽፎ ቢያገኙ በመቶ 18 እጅ ክሮምየም፣ 10 እጅ ኒኬል አለበት ማለት ነው። ኒኬል የሌለበትን ርካሹን ማንኪያ ማግኔት ይስበዋል፤ ጥሩውን ግን አይስበውም ወይም እምብዛም አይስበውም። ስለዚህ ትንሽ ማግኔት በኪስዎ ይያዙ። ሰው ቢስቅብዎ ሳይንስ ሲጀመር እንደዚሁ ተስቆበት ነበር ይበሉ።

ደግሞ ብቻችንን እንዳልሆንን ይወቁ። በለንደን ጋዜት ላይ ስለ ትንንሽ የሻይ ማንኪያዎች የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1686 ነው፤ ሻይ ውድ፣ ስኒውም ትንሽ ስለ ነበረ ማንኪያውም ትንሽ ሆነ። በአሜሪካ የሴለም ከተማ ነጋዴ ዳንኤል ሎው በ1890 አካባቢ የጠንቋይ ሥዕል ያለበት የመታሰቢያ ማንኪያ ሸጦ አገሩን ሁሉ ማንኪያ ሰብሳቢ አደረገው። እኛ ለጊዜው ጥቂት ብንሆንም ወገን አለን።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የሰብሳቢ የመጀመሪያ ሕግ «አትስረቅ» ነው። ማንኪያ ከሦስት ቦታ በሐቅ ይገኛል፤ ከቆራሌው፣ ከልዋጭ ነጋዴና ከባለቤቱ በግዢ። በአንድ አሮጌ ሻይ ቤት ውስጥ እጀታው አበባ የተቀረጸበት ማንኪያ አየሁና ባለቤቱን ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ማንኪያ ቢሸጡልኝ?»

«ማንኪያውን ብቻ?»

«አዎን፣ ማንኪያውን።»

ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ ሰው ሁሉ ሳይነግረኝ ነው የሚወስደው። አንተ ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብለው በነጻ ሰጡኝ፤ እኔም ሁለተኛ ሻይ አዝዤ ጠጣሁ።

ይህ የሽማግሌው ነገር በጥናት የተረጋገጠ ነው። በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ ባለ የሕክምና ምርምር ተቋም ያሉ ሊቃውንት፣ የሻይ ማንኪያ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ 70 ማንኪያዎች በምስጢር ምልክት አድርገው በየሻይ ክፍሉ አኖሩ። በ5 ወር ውስጥ 56ቱ ጠፉ፤ ይህም ከመቶ 80 እጅ ነው። ግማሹ ማንኪያ ለመጥፋት የወሰደው 81 ቀን ሲሆን፣ ሁሉ ሰው በሚጠቀምበት የጋራ ክፍል ግን 42 ቀን ብቻ በቃው። ውዱም ርካሹም እኩል ጠፋ። 70 ማንኪያ ሳይጎድል እንዲኖር በዓመት 250 መግዛት እንደሚያስፈልግ አሰሉ። ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

እርስዎም በመሥሪያ ቤት ያሉ እንደ ሆነ ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንብዎትም። ሰኞ ደርዘን ማንኪያ ይገዛል፤ ከወር በኋላ ዋና ክፍል ኀላፊው ሻዩን በእርሳስ ያማስላል። በዚያ መሥሪያ ቤት ሌባ አለ? የለም። እያንዳንዱ «አንድ ማንኪያ ምን አላት?» ብሎ ወደ መሳቢያው ወሰደ፤ ነገ ሊመልስ አስቦ ነበር። የመንግሥት ዕቃ ሁሉ የሚጠፋው እንደዚሁ ነው። ወንበሩም፣ መዝገቡም፣ የሕዝብ ሰዓቱም የሚያልቀው ባንድ ትልቅ ወንበዴ እጅ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ጨዋ ሰዎች ኪስ በጥቂት በጥቂቱ ነው። የጋራን ዕቃ የማንም እንዳልሆነ መቍጠር ትተን የራሳችን አድርገን ብንጠብቀው፣ ከማንኪያ ጀምሮ ብዙ ነገር በቦታው ባገኘነው ነበር።

ሁለተኛው ቁም ነገር የጤና ነው። ሐኪም «አንድ የሻይ ማንኪያ» ብሎ ሲያዝ 5 ሚሊ ሊትር ማለቱ ነው። በግሪክ አገር ከ25 ቤቶች 71 የሻይ ማንኪያ ሰብስበው ቢለኩ፣ ትንሹ 2.5፣ ትልቁ 7.3 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አንዲት እናት በትልቁ ማንኪያ ለሕፃንዋ መድኀኒት ብትሰጥ የታዘዘውን አንድ ተኩል እጅ ያህል አጠጣችው ማለት ነው። ስለዚህ መድኀኒት ከመድኀኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ብቻ ይሰጥ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው የተዘጋጀው የዱቄት መድኀኒት ከጠፋ ግን፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማዋሐድ ነፍስ ያድናል። ልክ ማለት ያልተቈለለ ነው፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳልና።

ሁለተኛው ሕግ «አትጻፍ ሳትል ጻፍ» ነው። ማንኪያ ያለ ጽሑፍ ብረት ነው። ለእያንዳንዱ ማንኪያ ሦስት መስመር ይጻፉለት፤ ከማን ተገኘ፣ ከየት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። የዚህን ሕግ ዋጋ ፒያሳ ራሱ ያስተምራል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ዶሮ ማነቂያና ሌሎችም የቀድሞ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። መንገዱ ሰፋ፤ መብራቱ በዛ፤ ማታ መራመድ ደስ ይላል። ነገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ ጎረቤት የነበሩ ሰዎች ዛሬ ለመጠያየቅ ሁለት ታክሲ ይቀይራሉ።

ከስብስቤ ውስጥ አንዱ ማንኪያ የመጣው ከዚያው ሰፈር ከወጡ አንዲት እናት ነው። ከቡፌያቸው ያወጡት ነበር፤ ያ ባለ መስተዋት ቡፌ፣ ለእንግዳ ካልሆነ የማይከፈተው። «ስድስት ነበሩ፤ ለሠርጌ የተሰጡኝ» አሉኝ። «ሁለቱ ለቅሶ ቤት ሄደው ቀሩ። አንዱን ልጄ አውሮፓ ስትሄድ ሰጠኋት። ሌሎቹን እንጃ። ቡፌው አዲሱ ቤት አልገባም ስላለ ተሸጠ። ይህችን አንተ ያዛት፤ ብቻዋን ምን ታደርግልኛለች?» እኔም እንዳሉት ጻፍኩት። ማንኪያው ተራ የማይዝግ ብረት ነው፤ ማግኔት ይስበዋል፤ ድምፁም ደካማ ነው። ከላይ በዘረዘርኳቸው አራት መመርመሪያዎች ሁሉ ይወድቃል። ሆኖም የማልሸጠው እርሱን ነው፤ ለቅሶ ቤት የሄዱት ሁለቱና ባሕር የተሻገረው አንዱ በዚያ ወረቀት ላይ አሉና።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ለመጀመር ፒያሳ ድረስ መምጣት እንኳ አያስፈልግዎትም። ዛሬ ማታ ከቤትዎ መሳቢያ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰለውን አንዱን ማንኪያ ይፈልጉ፤ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ከዚያም እናትዎን ወይም አባትዎን ከየት እንደ መጣ ይጠይቁ። መልሱ ከሚያስቡት ይረዝማል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። የሰሙትን በሦስት መስመር ይጻፉ፤ ወረቀቱን በክብር ያስቀምጡ። ማንኪያውን ግን ወደ መሳቢያው ይመልሱት፤ ነገ ጠዋት ለሻይ ይፈለጋል።